ቁርስ ቤት ገብቶ ግሉተን ሳይነኩ መውጣት

«እኛ ጤፍ በሊታ ነን፣ ግሉተን ምናምን የፈረንጅ ጣጣ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትከራከሩት። ቁርስ አብራችሁት ውጡና የሚታዘዘውን እዩ። ጨጨብሳ፣ ፉል በዳቦ፣ ፈጢራ፣ ቅንጬ፣ እንቁላል ሳንዱች፣ ከሻይ ጋር ደግሞ ቦምቦሊኖ። የአዲስ አበባ ጠዋት ስንዴ በስንዴ ነው። ጤፍ ብቅ የሚለው ፍርፍር ሲታዘዝ ነው፣ እሱም ከእውነተኛ ጤፍ ከተጋገረ ነው።

ይሄ ጽሑፍ ሴሊያክ አለባችሁ ለተባላችሁ፣ ወይም ስንዴ ስትበሉ ሆዳችሁ ለሚነፋና ለሚያማችሁ ሰዎች ነው። ሴሊያክ ማለት ግሉተን የሚባለው የእህል ፕሮቲን ሲገባ የሰውነት መከላከያ ራሱ ተነስቶ ትንሹን አንጀት የሚጎዳበት በሽታ ነው። እስካሁን ያለው ሕክምና ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ግሉተንን ለዕድሜ ልክ መተው። ግሉተን የሚገኘው በስንዴ፣ በገብስና ሬይ በሚባለው እህል ውስጥ ነው። ሬይ እኛ ጋ እምብዛም ስለሌለ ጭንቀታችን ሁለቱ ላይ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ገና ካልተመረመራችሁ ስንዴ አታቁሙ። የደም ምርመራው የሚፈልገው ግሉተን ሲገባ ሰውነት የሚሠራቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። ስንዴ ካቆማችሁ እነሱም እየቀነሱ ስለሚሄዱ፣ በሽታው እያለባችሁ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ጋ፣ ከዚያ ወደዚህ ተመለሱ።

አሁን ወደ ቁርስ ቤቱ።

ከሁሉ በፊት «ይሄ ግሉተን አለው?» የሚለውን ጥያቄ እርሱት። አስተናጋጁ ቃሉን ሰምቶት ላያውቅ ይችላል፤ ሰምቶትም ከሆነ እናንተን ላለማሳዘን «ኧረ የለውም» ይላል። በክፋት አይደለም፣ ደንበኛ ደስ እንዲለው ነው። በቀጥታ እንዲህ በሉት፦ «ወንድሜ፣ ስንዴና ገብስ ሐኪም ከልክሎኛል። ትንሽም ብትነካኝ ታመኛለች።» «ሐኪም ከልክሎኛል» የሚለው ነገር እኛ አገር ትልቅ ጉልበት አለው። «አልወድም» ብትሉ «ቅመሰው፣ የኛ ይለያል» ይመጣል፤ «ጤናማ አመጋገብ ጀምሬ ነው» ብትሉ ፈገግ ብሎ እንደፈለገ ያመጣላችኋል። ሐኪም ሲጠራ ግን ሰው ቆም ይላል። «አለርጂ ነው» ማለትም ይሠራል። ሴሊያክ በትክክለኛው አነጋገር አለርጂ አይደለም፣ ግን የጠዋት ሩጫ ላይ ላለ ልጅ የሕክምና ትምህርት መስጠት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ነገር የአጠያየቅ ዘዴ ነው። «የጤፍ ነው አይደል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «ዱቄቱ የምንድነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ምን ምን ተቀላቅሎበታል?» ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ወይ አይደለም ተብሎ የማይመለስ ጥያቄ ሲመጣበት ልጁ ወጥ ቤት ሄዶ ይጠይቃል፣ የምትፈልጉትም እሱን ነው። ቤቱ ትንሽ ከሆነና ወጥ ቤቱ ከፊት ለፊት የሚታይ ከሆነ ደግሞ ተነስታችሁ የምትሠራውን እናት ራሷን አናግሩ። «እናቴ፣ ስንዴ ያመኛል፣ ዛሬ ምን ልብላ?» ብትሏት ብዙውን ጊዜ ራሷ ታስብላችኋለች፤ ከሜኑ የሌለ ነገር ሁሉ ልትሠራላችሁ ትችላለች።

ሰዓትም ወሳኝ ነው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ ሰው ወንበር እየተሻማ ባለበት «መጥበሻውን እጠቡልኝ» ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። አንድ ሰዓት ላይ ከሄዳችሁ መጥበሻውም ንጹሕ ነው፣ ሠራተኛውም አልተማረረም።

እንግዲህ ምን ይበላል?

የኔ ምርጫ ፉል ነው፣ በማንኪያ። ፉል ባቄላ ነው፤ ከላይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ዘይት ወይም ቅቤ ይደረግበታል። ስፔሻል ሲሆን እንቁላል፣ አቮካዶና እርጎ ይጨመርበታል። ከእነዚህ አንዱም ስንዴ የለበትም። አደጋው ዳቦው ነው። ብዙ ቤት ዳቦው ከጎኑ ብቻ ሳይሆን ሰሃኑ ጠርዝ ላይ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ፉሉ ላይ ተደርጎ ይመጣል፣ ፍርፋሪውም ይገባበታል። ስለዚህ ስታዙ «ዳቦ ጭራሽ ጠረጴዛው ላይ እንዳይመጣ፣ ማንኪያ ብቻ» በሉ። ዳቦው መጥቶ «እሺ አንሱት» ማለት አይበቃም። ለምን እንደሆነ በቁጥር ልንገራችሁ፦ ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አንድን ምግብ «ከግሉተን ነፃ» የሚለው በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ከሌለው ነው። አንድ ኪሎ የስንዴ ዳቦ ውስጥ ግን በአሥሮች የሚቆጠር ግራም ግሉተን አለ። የዳቦ ፍርፋሪ ለሴሊያክ ሰው ቀልድ አይደለችም።

ፈታ ግን አትጠጉት። እሱ ዳቦ ተቆራርሶ የሚገባበት ነው፣ ዳቦ የሌለው ፈታ ብሎ ነገር የለም።

እንቁላል ሌላው አስተማማኝ ነገር ነው። እንቁላል ፍርፍርም ሆነ እንቁላል በስልስ በራሱ ችግር የለበትም፤ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዘይት ነው። እዚህ ላይ የምትጠይቁት ስለ መጥበሻው ነው። ጠዋት የቀለጠ ቁርስ ቤት ውስጥ አንድ መጥበሻ እንቁላሉንም፣ ጨጨብሳውንም፣ ለሳንዱች የሚሞቀውን ዳቦም ያስተናግዳል። መሃል ላይ ማጠብ የለም፣ በጨርቅ ወልወል ይደረግና ይቀጥላል። «ለኔ በታጠበ መጥበሻ አድርጉልኝ፣ በተለየ ጭልፋ» ብላችሁ ለምኑ። ካልሆነ ቅቅል እንቁላል እዘዙ። ከነቅርፊቱ ይምጣ፣ ራሳችሁ ላጡት። ደስ የሚል ቁርስ ባይሆንም እንደ ቅቅል እንቁላል ንጹሕ ነገር የለም።

ጨጨብሳ ላይ ሰው ሁሉ ያዝናል፣ እኔም አዝናለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚቀርበው አብዛኛው ጨጨብሳ የስንዴ ቂጣ ነው። «የጤፍ ጨጨብሳ» የሚሸጡ ቤቶች አሉ፣ ጣፋጭ ነው፣ ግን ከማዘዛችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ ቂጣው እንዳይፈረፈር ተብሎ የስንዴ ዱቄት ጣል ተደርጎበት እንደሆነ። ሁለተኛ፣ የጤፉም የስንዴውም ቂጣ አንድ ምጣድ ላይ ይጋገር እንደሆነ። ሁለቱንም አጥርተው የሚመልሱላችሁ ከሆነ ብሉ፣ ማርም ጨምሩበት። «እ... መሰለኝ» ካሏችሁ ተዉት።

ገንፎ፣ ቅንጬና በሶ። በሶ ገብስ ነው፣ አለቀ። ገንፎ ከገብስ ወይም ከስንዴ ነው የሚሠራው፤ የበቆሎም አለ፣ ግን ብዙ ቤት ድብልቅ ነው። ቅንጬ የተከካ ስንዴ ወይም ገብስ ነው። «የአጃ ነው» ካሏችሁም አትዘናጉ። አጃ እየተባለ የሚጠራ ከስንዴ ዘር የሆነ ጥንታዊ እህል አለ፤ እሱ ሙሉ በሙሉ ግሉተን ያለበት ነው። በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠውንም ኦትስ አጃ እንለዋለን፤ እሱ ደግሞ በራሱ ብዙውን ሰው ባይጎዳም፣ በማሳና በፋብሪካ ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚነካካ «ከግሉተን ነፃ» ካልተባለበት አይታመንም። ቁርስ ቤት የትኛው አጃ እንደሆነ አጣርቶ የሚነግራችሁ ስለማይኖር ሁለቱንም እለፏቸው። አጥሚትም እንደዚሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ትልቅ ነገር አለ፦ ቡላ። ቡላም ቆጮም ከእንሰት ነው የሚወጡት፣ እንሰት ደግሞ እህል እንኳ አይደለም። ክትፎ ቤቶች ጠዋት ሲከፈቱ ቡላ ገንፎ በቅቤና በበርበሬ፣ ቡላ ፍርፍር፣ ወይም ቆጮ በአይብና በጎመን ታገኛላችሁ። ለግሉተን ጠንቃቃ ከሆነ ሰው አንፃር ካያችሁት በአገራችን ከክትፎ ቤት የተሻለ ቁርስ ቤት የለም ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። «ቡላው ላይ ዱቄት ትጨምሩበታላችሁ?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁ፤ ገንፎው እንዲወፍር ብለው የሚጨምሩ አሉ። ዱለትና ጥብስም ይበላል፣ በቆጮ ከሆነ። ጥብስ ላይ አኩሪ አተር ሶስ ወይም ማጣፈጫ ኩብ ይገባ እንደሆነ አጣሩ፤ ሶሱ አብዛኛውን ጊዜ ስንዴ አለበት፣ ከኩቦቹም ስንዴ ያለባቸው አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጭቅጭቅ፣ ወደ እንጀራ።

ጤፍ ራሱ ንጹሕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በርካታ የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው ሴሊያክ ያለበትን ሰው የሚጎዳው ፕሮቲን እንዳልተገኘባቸው ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አውጥተዋል። ስለዚህ ጥርጣሬው ጤፉ ላይ አይደለም፣ አብሮት የገባው ላይ ነው። ጤፍ ሲወደድ እንጀራው ይቀየጣል። ሩዝ፣ ማሽላ ወይም በቆሎ ከሆነ የተቀየጠው ለናንተ ግድ የለም፣ እነሱ ግሉተን የለባቸውም። ዳጉሳም የለበትም። ገብስ ወይም ስንዴ ከሆነ ግን እንጀራውን እርሱት። ዓይን አይለየውም፤ ነጭ ስለሆነ ማኛ ነው፣ ጠቆር ስላለ ቀይ ጤፍ ነው ብላችሁ አትፍረዱ።

ይባስ ብሎ ብዙ ቁርስ ቤት እንጀራውን ራሱ አይጋግርም፣ ከአቅራቢ ነው የሚገዛው፣ ስለዚህ አስተናጋጁ ቢምልላችሁም የማያውቀውን ነው የሚምለው። የምትጠይቁት «እንጀራው እዚሁ ነው የሚጋገረው ወይስ ከውጭ ነው የሚመጣው?» ብላችሁ ነው። ከውጭ ከሆነ ተዉት። እዚሁ ከሆነ ደግሞ ስለ እርሾው ጠይቁ። እርሾ ካለፈው ሊጥ የሚቀር ነው። ያለፈው ሊጥ ቅይጥ ከነበረ፣ ዛሬ ንጹሕ ጤፍ ቢቦካም የትናንቱ ገብስ ከነእርሾው አብሮ ይመጣል። ምጣዱ የሚታሰስበት ጨርቅም ዳቦ ከተጋገረበት ምጣድ ዞሮ የመጣ ሊሆን ይችላል። እና ወፍጮ ቤቱ አለ። ስንዴ ተፈጭቶ ሳይጸዳ ጤፍ ከተከተለ፣ መጀመሪያ የሚወርደው ዱቄት ውስጥ ስንዴ አለ። ለቤታችሁ ስታስፈጩ የጤፍ ወፍጮው ለብቻው የሆነ ወፍጮ ቤት ፈልጉ፤ ቁርስ ቤት ግን ይሄን ሁሉ ተከታትላችሁ አትዘልቁትም።

ለዚህ ነው የራሳችሁን እንጀራ ይዛችሁ ሂዱ የምለው። ቤት ከተጋገረው አንድ ሁለት ጠቅልላችሁ በንጹሕ ምሳ ዕቃ ያዙ። ሠፈር ውስጥ ያሉ ትናንሽ ቤቶች ላይ ይሄ ችግር የለውም፤ «እንጀራ ይዣለሁ፣ ወጡን ብቻ ስጡኝ» ትላላችሁ፣ ሙሉ ሒሳቡን ትከፍላላችሁ፣ ነገሩ ያበቃል። እንዲያውም እንጀራችሁን ወስደው ፍርፍር አድርገው የሚያመጡላችሁ አሉ፤ ያው ድስቱ ይታጠብ በሉ። ትልልቅ ካፌዎች ላይ ግን «ከውጭ የመጣ ምግብ አይፈቀድም» የሚል ማስታወቂያ ስላለ አስቀድማችሁ ኃላፊውን አናግሩ።

ረቡዕና ዓርብ፣ ወይም በዐቢይ ጾም ከሆነ፣ ምርጫው ይጠባል። እንቁላል የለም፣ አይብ የለም፣ ቅቤ የለም። የሚቀረው ፉል በዘይት፣ ሽሮ፣ ተጋቢኖ፣ የጾም ፍርፍርና ድንች ነው። ሽሮ በመሠረቱ የሽምብራ፣ የአተር ወይም የባቄላ ዱቄት ነው፣ በማንኪያ ይበላል፤ ሽሮው ላይ ሌላ ዱቄት እንዳልገባ ግን ጠይቁ። ድንች ጥብስ ስታዩ ደስ እንዳይላችሁ፣ ዘይቱ ሳምቡሳና ፓስቲ ሲጠበስበት ያደረ ሊሆን ይችላል። የተቀቀለ ድንች በቃሪያና በሽንኩርት ብትጠይቁ ይሻላል። አቮካዶም አለ። ጾመኛ ሆኖ ሴሊያክ ያለበት ሰው ጠዋት ጠዋት ከአቮካዶ ጋር ይወዳጃል፣ ሌላ መንገድ የለውም።

መጠጥ ላይ አታስቡ። ማኪያቶ፣ ሻይ፣ ቡና፣ ጁስ፣ ስፕሪስ፣ እርጎ ሁሉም ይሆናል። ቡናው ተፈልቶ የሚቀርብ ከሆነ አብሮ የሚመጣውን ቆሎ ግን አትዝገኑ፤ ገብስ ነው፣ አንዳንዴም ስንዴ። ሽምብራውን ብቻ እየለቀሙ መብላትም አይሆንም፣ አንድ ምጣድ ላይ ነው የተቆላው። ፈንድሻ ካለ እሱን ብሉ።

ከምግቡ ይልቅ የሚከብደው ሰው ነው። ከጓደኞች ጋር ስትወጡ በአንድ ትሪ ነው የሚበላው፣ በዳቦ የሚጠቅሰውም በእንጀራ የሚቆርሰውም እጁ እዚያው ነው። ስለዚህ ገና ሲታዘዝ «የኔ በሰሃን ለብቻ ይምጣልኝ» በሉ። ትንሽ ያስከፋል፣ «ምነው፣ ተጣላን እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ከዚያ ጉርሻው ይመጣል። «በሞቴ! አንዴ ብቻ!» እጁን ዘርግቶ ቆሞ እያያችሁት እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ በተለይ ትልቅ ሰው ከሆነ። መፍትሔው ቀድሞ መናገር ነው። ገና ስትቀመጡ፣ ምግቡ ሳይመጣ፣ «ዛሬ ጉርሻ አልቀበልም፣ ስንዴ ሆስፒታል ነው የሚያስገባኝ» ብላችሁ በሳቅ ጣሉት። ትንሽ ማጋነን እዚህ ላይ ይፈቀዳል። አክስቶቻችሁ «ትንሽ ነገር ምን ታደርጋለች፣ በስመ አብ ብለሽ ብይው» ካሉ ደግሞ ራሳችሁ ከራሳችሁ ሰሃን አጉርሷቸው፣ ነገሩ ይገለበጣል። አጉራሽ ከሆናችሁ ማንም አይቀየማችሁም። ስታጎርሱ ግን የራሳችሁን ማንኪያ አታውሱ።

ተሳስቶ ቢገባስ? የሚያወጣ መድኃኒት የለም። ፌጦም ሆነ ዳማከሴ ግሉተን አይመልስም። ውኃ ጠጡ፣ ዕረፉ፣ የበላችሁበትን ቤትና የምግቡን ስም ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ሕመሙ ከበረታ ወይም ከቆየ ሐኪም ጋ ሂዱ።

የሚያስተናግዳችሁን ቤት ስታገኙ ደንበኛ ሁኑበት። በየሳምንቱ አዲስ ቤት መሞከር ለሌላው ሰው መዝናኛ ነው፣ ለናንተ ቁማር ነው። አንድ ፉል ቤትና አንድ ክትፎ ቤት ይበቃሉ። የልጁን ስም ያዙ፣ ቲፕ አትንፈጉት። ትንሽ ቆይቶ ገና ከበር ስትገቡ «ያለ ዳቦ፣ በማንኪያ» ብሎ ወደ ውስጥ የሚጮኸው እሱ ነው። እሱ በሌለበት ቀን ግን ሙሉውን ንግግር እንደ አዲስ ጀምሩ፣ ተተኪው ምንም አያውቅም።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም «ሐበሻ ምግብ ግሉተን ፍሪ ነው» የሚለው ወሬ እዚያ ይብሳል። ብዙ የሐበሻ ሬስቶራንት የሚያቀርበው እንጀራ ጤፍ ከገብስ ወይም ከስንዴ ዱቄት ጋር ተቀይጦ ነው። ከሱቅ ስትገዙ ከፌስታሉ ጀርባ ያለውን ዝርዝር አንብቡ፤ ስንዴ ባይኖር እንኳ ገብስ እንዳይኖርበት እዩ፣ የአሜሪካ የአለርጂ ማስጠንቀቂያ ስንዴን እንጂ ገብስን አያስገድድምና። ፈረንጅ ቁርስ ቤት ከገባችሁም ኦምሌቱን ጠይቁበት፤ አይሆፕን የመሰሉ ቤቶች እንዲያብጥ ብለው የፓንኬክ ሊጥ ይጨምሩበታል። ከነቅርፊቱ ያለ እንቁላል ተሰብሮ በታጠበ መጥበሻ እንዲሠራላችሁ በሉ፤ ትልቁ ብረት ምጣድ ላይ ከሆነ ፓንኬኩ ከጎኑ ነው የሚገላበጠው። ሐበሻ ቤት መቶ ፐርሰንት ጤፍ እንጀራ የሚጋግሩ አሉ፣ ግን ብዙዎቹ ከአንድ ቀን በፊት ይታዘዝ ይላሉ። ዓርብ ማታ ደውሉ፣ ለቅዳሜ ጠዋት ስንት እንጀራ እንደምትፈልጉ ንገሯቸው፣ ስማችሁንም አስጽፉ፤ ካለቀ ቅይጡን ሳይናገሩ እንዳያቀርቡላችሁም አደራ በሏቸው።